በባቡር ከአሜሪካ ወደ ካናዳ መሻገር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሲያትል ቫንኩቨር፣ ከኒውዮርክ ቶሮንቶ ወይም ሞንትሪያል በባቡር ለመሄድ ቲኬት መቁረጡ ቀላል ነው። ሰው የሚቸገረው ወረቀቱ ላይ ነው። ሁሉም «ካናዳ ያስገቡኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ስመለስስ?» የሚለው ትዝ የሚለው ብዙ ጊዜ ከተሻገረ በኋላ ነው። ለመጀመሪያው መልስ የሚሰጠው የካናዳ መንግሥት ነው፣ ለሁለተኛው የአሜሪካ፤ አንዱ እሺ ስላለ ሌላው እሺ ይላል ማለት አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ድንበር የሚሻገሩት የትኞቹ ባቡሮች ናቸው?

ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም የአሜሪካው የመንገደኛ ባቡር ድርጅት የአምትራክ። «ካስኬድስ» ከሲያትል ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ተነስቶ በአራት ሰዓት ገደማ ቫንኩቨር ፓሲፊክ ሴንትራል ይገባል። «ሜፕል ሊፍ» ከኒውዮርክ ፔን ስቴሽን ተነስቶ በናያጋራ ፏፏቴ በኩል ቶሮንቶ ዩኒየን ስቴሽን ይደርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ማለት ነው፣ ከ12 ሰዓት በላይ። ናያጋራን ከተሻገረ በኋላ ሠራተኞቹ ይቀየሩና የካናዳው ቪያ ሬይል ሰዎች ይረከቡታል። «አዲሮንዳክ» ከኒውዮርክ ሞንትሪያል 11 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሚኖር ሰው መጀመሪያ ኒውዮርክ መድረስ አለበት። ሜፕል ሊፍ የሚነሳው በጠዋት ስለሆነ ኒውዮርክ አድሮ መነሳቱ ይሻላል። ከቺካጎ ቶሮንቶ በቀጥታ ይሄድ የነበረው ባቡር በ2004 ቆሟል፤ አሁንም ስለ እሱ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ፍተሻው የት ነው የሚደረገው? ከባቡር እንወርዳለን?

እንደ መስመሩ ይለያያል።

በሜፕል ሊፍ ወደ ካናዳ ሲሄዱ ባቡሩ ድልድዩን ተሻግሮ በኦንታሪዮ በኩል ያለችው ናያጋራ ፎልስ ጣቢያ ይቆማል። ሁሉም ሰው ሻንጣውን በሙሉ ይዞ ይወርዳል፣ በካናዳ ድንበር አገልግሎት ኦፊሰሮች ፊት ያልፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሳፈራል። «በሙሉ» ያልነው በምክንያት ነው፦ ከመቀመጫው በላይ ረስተው የተዉት ፌስታል ባለቤት የሌለው ዕቃ ሆኖ ይቆጠራል። ሲመለሱም እንዲሁ በኒውዮርክ በኩል ባለው ናያጋራ ፎልስ ጣቢያ ወርደው በአሜሪካ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን ያልፋሉ። ፕሮግራሙ ላይ ለዚህ ረዘም ያለ ቆይታ ተይዟል፤ ሰው ሲበዛ ግን ያም አይበቃም።

በአዲሮንዳክ አይወርዱም። ወደ ሰሜን ሲሄዱ ባቡሩ ራውዝስ ፖይንትን አልፎ በኩቤክ በኩል ይቆማል፣ ኦፊሰሮቹ ወደ ፉርጎው ይገባሉ፣ ከወንበር ወንበር እያሉ ይጠይቃሉ። ሲመለሱ የአሜሪካዎቹ ራውዝስ ፖይንት ላይ ይሳፈራሉ። ሥራቸውን እስኪጨርሱ ከመቀመጫ መነሳት የለም፤ ስለዚህ መጸዳጃ ቤት መሄድ ያለበት ሰው ቀደም ብሎ ይሂድ። ተጨማሪ ጥያቄ ያለበትን ሰው ለብቻ ይወስዱታል። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢቆም የሚገርም አይደለም።

በካስኬድስ ወደ ካናዳ ሲሄዱ ከቤሊንግሃም በኋላ እስከ ቫንኩቨር ተሳፋሪ አይወጣም፣ አይወርድም። የካናዳ ፍተሻ የሚደረገው ቫንኩቨር ጣቢያ ውስጥ ነው። ሲመለሱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ የአሜሪካ ኦፊሰሮች እዚያው ቫንኩቨር ጣቢያ ከመሳፈርዎ በፊት ያዩዎታል፣ ከዚያም ባቡሩ ድንበሩን እንዳለፈ ብሌን ላይ ለአጭር ጊዜ ቆሞ ኦፊሰሮቹ እንደገና ይገባሉ። ስለዚህ ከቫንኩቨር ሲነሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመው ጣቢያ ይገኙ። ባቡሩ ቆሞ እየታየ በሩ የተዘጋበት ሰው ብዙ ነው።

ግሪን ካርድ አለኝ። ለካናዳ ቪዛ ያስፈልገኛል?

ቪዛ አያስፈልግም። ነገር ግን ከኤፕሪል 26፣ 2022 ጀምሮ ካናዳ ሁለት ነገር አብረው እንዲቀርቡ ትጠይቃለች፦ ያልተቃጠለ ግሪን ካርድ እና ያልተቃጠለ የዜግነት አገር ፓስፖርት። ቀድሞ ግሪን ካርዱ ብቻውን ይበቃ ስለነበር «እኔ በካርድ ብቻ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ» የሚል ዘመድ ይኖርዎታል። የሱ ዘመን አልፏል።

የብዙ ሰው ችግር እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ቦሌ ከወጣበት ቀን ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ጊዜው አልፎበታል። ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት አውጥተው የመጨረሻውን ቀን ይዩ፤ ማደሱ ጊዜ ይወስዳል።

በጥገኝነት ግሪን ካርድ ያገኘና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ማደስ የማይፈልግ ሰው የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ከግሪን ካርዱ ጋር ይዞ ይሄዳል። የሚጠየቀው በቅጽ አይ-131 ነው፤ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ስለሆነ ሠርግ ሲቃረብ አይጀመርም።

ግሪን ካርዴ ተቃጥሏል፣ ግን እድሳት አስገብቻለሁ።

የተቃጠለውን ካርድ ጊዜውን ከሚያራዝመው አይ-797 ደብዳቤ ጋር አድርገው ይያዙ፤ ካናዳ ይህን ጥምረት ትቀበላለች። ፓስፖርቱ ግን አሁንም የግድ ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው የካርድ ዓይነት ከካርድዎ ጋር አንድ መሆኑንና ስንት ወር እንደሚያራዝም በጥንቃቄ ያንብቡ። ዋናው ወረቀት ይኑርዎት፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ናያጋራ ላይ ክርክር ይጀምራል እንጂ አይጨርስም።

የአሜሪካ ዜጋ ሆኛለሁ፤ ፓስፖርት ከሌለኝ በመንጃ ፈቃድ መሻገር ይቻላል?

በተራ መንጃ ፈቃድ አይቻልም። ሪል አይዲ የሚባለውም ለአገር ውስጥ በረራ እንጂ ለድንበር አይሆንም። የሚሠራው ፓስፖርት፣ የፓስፖርት ካርድ ወይም የተሻሻለ የሚባለው ልዩ መንጃ ፈቃድ ነው፤ ይህን የሚሰጡት ጥቂት ስቴቶች ናቸው፦ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኒውዮርክ፣ ሚሺጋን፣ ሚኒሶታና ቨርሞንት።

በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ነው ያለሁት፤ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው።

የካናዳ ቪዛ የግድ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያው 100 የካናዳ ዶላር ሲሆን ለጣት አሻራና ለፎቶ ተጨማሪ 85 አለ። አሻራዎ አንዴ ከተሰጠ ለ10 ዓመት ያገለግላል።

መመለሻውስ? ፓስፖርትዎ ላይ ያለው የአሜሪካ ቪዛ ካልተቃጠለና ለብዙ ጊዜ መግቢያ የተሰጠ ከሆነ ብዙ አያስቸግርም። ተማሪ ከሆኑ አይ-20 ወረቀትዎ ላይ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ለጉዞ የፈረመው ፊርማ ይኑር። ቪዛው ተቃጥሎ የመኖሪያ ፈቃዱ ግን ያልተቃጠለ ሰው ደግሞ አውቶማቲክ ሪቫሊዴሽን በሚባለው ሕግ ይመለሳል፦ የቆየው በካናዳ ብቻ፣ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ከሆነ፣ ያልተቃጠለ ፓስፖርትና አይ-94 የሚባለውን የአሜሪካ የመግቢያ መዝገብ ከያዘ። አንድ ወጥመድ አለ። እግረ መንገዴን ብለው ካናዳ ባለ የአሜሪካ ቆንስላ አዲስ ቪዛ ካመለከቱ ይህ መብት ይቀራል፤ ቪዛው እስኪመጣ ወይም እስኪከለከል እዚያው ይቀመጣሉ። አይ-94ዎን ከመነሳትዎ በፊት ከድረ ገጹ አትመው ይያዙ። የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሳያውቅም አይሂዱ፤ ደንቡ በየጊዜው ይነካካል።

የጥገኝነት ጉዳዬ ገና እየታየ ነው። ለሁለት ቀን ብቻ ብሄድስ?

አይሂዱ። ሳይፈቀድልዎ፣ ማለትም አድቫንስ ፓሮል ሳይዙ፣ ከአሜሪካ ከወጡ ማመልከቻዎን ትተው እንደሄዱ ይቆጠራል። ሁለት ቀንም ሁለት ሰዓትም አንድ ነው። ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገሩ ፓሮል ቢኖርዎትም አይንቀሳቀሱ።

ካናዳ ደርሼ እዚያ ጥገኝነት ልጠይቅ ለሚልም መልሱ በአብዛኛው ይኸው ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የ«አስተማማኝ ሦስተኛ አገር» ስምምነት በየብስ ድንበር ላይ ይሠራል፣ በባቡር የመጣውንም ይጨምራል፤ ከማርች 25፣ 2023 ወዲህ ደግሞ ከመደበኛ ኬላ ውጭ የተሻገረውንም እንዲይዝ ሰፍቷል። የቅርብ ቤተሰብ ካናዳ ውስጥ እንዳለው ያለ ልዩ ሁኔታ ያለው ሰው ካልሆነ በቀር ወደ አሜሪካ ይመለሳል።

የካናዳ ቋሚ ነዋሪ ነኝ፣ ሲያትል ላሉት እህቶቼ ልሂድ። የካናዳ ካርዴ ይበቃል?

አይበቃም፤ ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ለካናዳ ከቪዛ ነፃ ስለሚያደርግ የካናዳውም ለአሜሪካ እንደዚያው ይመስላል። አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ የካናዳ ቋሚ ነዋሪ የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማውጣት አለበት። የካናዳ ዜጋ ከሆኑ ግን በፓስፖርትዎ ይሄዳሉ።

ሲመለሱ ያልተቃጠለ የቋሚ ነዋሪነት ካርድ ያስፈልግዎታል። በራሱ መኪና የሚመለስ ሰው ላይ ሕጉ ላላ ይላል፤ በባቡር፣ በአውቶቡስ፣ በአውሮፕላንና በመርከብ የሚመጣው ግን ካርዱን ወይም ምትክ የጉዞ ሰነዱን እንዲያሳይ ይጠበቅበታል።

የስዊድን (የጀርመን፣ የእስራኤል…) ፓስፖርት አለኝ።

በባቡር ወደ ካናዳ ሲገቡ ኢቲኤ የሚባለው የኢንተርኔት ፈቃድ አይጠየቅም፤ እሱ ለአውሮፕላን ነው። ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ግን ኢስታ የሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከኦክቶበር 1፣ 2022 ጀምሮ በየብስም ግዴታ ሆኗል። እስራኤላውያን ከኢስታ ተጠቃሚ የሆኑት በ2023 ሲሆን መደበኛውን ብሔራዊ ፓስፖርት ለያዘ ነው፤ የጉዞ ሰነድ ብቻ የያዘ ሰው ቪዛ ይጠይቃል። በተጨማሪ በየብስ ለሚገባ የውጭ ዜጋ የአይ-94 ክፍያ አለ፤ ድሮ 6 ዶላር የነበረው ከሴፕቴምበር 30፣ 2025 ወዲህ 30 ዶላር ሆኗል። ግሪን ካርድ ያለውን ይህ አይመለከተውም።

ቲኬት ስቆርጥ ስሜን እንዴት ልጻፍ? የአያት ስም ነው የአባት?

ድንበር ለሚሻገር ቲኬት አምትራክ የሰነዱን ቁጥር፣ ዜግነትና የትውልድ ቀን አስቀድሞ ይጠይቃል። የእኛ ስም ደግሞ ለፈረንጅ ቅጽ አይመችም። ግሪን ካርዱ ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሊገባ ይችላል፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ የአያት። ለመፍረድ ፓስፖርቱን ይግለጡና ከፎቶው ሥር ያሉትን ሁለት የኮምፒውተር መስመሮች ይዩ። በላይኛው መስመር ከአገሩ ሦስት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው ስም የቤተሰብ ስም ነው፤ ሁለት ቀስት መሳይ ምልክቶች ተደርድረው ይለዩታል፣ ከነሱ በኋላ ያለው የራስዎ ስም ነው። ማሽኑ የሚያነበው ይህን ስለሆነ ቲኬቱንም እንደዚያው ይሙሉ። የካርዱና የፓስፖርቱ አጻጻፍ ቢለያይ ሁለቱን አብረው ያሳዩ እንጂ አይደንግጡ፤ ኦፊሰሮቹ ለምደውታል።

የትውልድ ቀን ላይ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ካገኙ አንደኛው ወረቀት በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። በፓስፖርቱ ያለውን ይሙሉ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ቲኬቱ ላይ ጠዋት 7:15 ሲል በሐበሻ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ከአዲስ አበባ ለመጡ እናት በስልክ «ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው» ብለው ከነገሯቸው ምሳ በልተው ይመጣሉ።

ኦፊሰሩ ምን ይጠይቃል? እናቴ እንግሊዝኛ አይችሉም።

የት ነው የሚኖሩት፣ ወዴት ነው የሚሄዱት፣ ማን ጋ ያርፋሉ፣ ስንት ቀን ይቆያሉ፣ ምን ይዘዋል። መልሱ አጭርና እውነት ይሁን። «ዘመድ ጋ» ብቻ ማለት ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ ይጋብዛል፤ «ቶሮንቶ፣ እህቴ ጋ፣ አምስት ቀን» ያበቃል። ሥራ ፈልጌ ወይም ዕድሌን ልሞክር የሚል ቀልድ እዚህ አይቀለድም።

እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው የሚያርፉበትን አድራሻ፣ የተቀባዩን ስምና ስልክ፣ የመመለሻ ቀኑን በእንግሊዝኛ በአንድ ወረቀት ጽፈው ፓስፖርቱ ውስጥ ያድርጉላቸው። አብሯቸው ያለ ልጅ ቀድሞ ከመመለስ ይልቅ «እኔ ላስተርጉም?» ብሎ ይጠይቅ። ኦፊሰሩ ከፈለገ በስልክ አስተርጓሚ ያስመጣል። ስልክዎን ሊፈትሹም ይችላሉ፤ በቃል ከሚናገሩት ጋር የማይገጥም መልእክት ያለበት ሰው እዚያ ላይ ይያዛል።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ፣ ቋንጣ ይዤ ማለፍ እችላለሁ?

በርበሬና ሽሮ፣ እንጀራ፣ የተቆላ ቡና ችግር የለባቸውም። ግን ቀይና ቢጫ ዱቄት ያለ ምንም ጽሑፍ በፌስታል ተቋጥሮ ሲገኝ ማንም ቢሆን ይጠይቃል። ከረጢቱ ላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፉ፣ ሊከፈት ስለሚችል ደግሞ ድርብ አድርገው ያሽጉ፤ የተከፈተ በርበሬ ፉርጎውን ሙሉ ያስነጥሳል።

ሥጋ ላይ ይጠንቀቁ። ከኢትዮጵያ የመጣ ቋንጣ አሜሪካ አይገባም፤ ምክንያቱ የከብቶች የአፍና እግር በሽታ ነው። ቤት የተሠራ ዶሮ ወጥም ሥጋው ከየት እንደተገዛ የሚያሳይ ነገር ስለሌለው ቢጣልብዎ መከራከሪያ የለዎትም። ከአገር ቤት የመጣ ቅቤም እንደዚሁ አጠያያቂ ነው። ሥሩ አፈር የያዘ ጤና አዳም ወይም ሌላ ተክል ይቅር። ጫት ወደ ሁለቱም አገር ማስገባት ወንጀል ነው። ካናቢስ በካናዳ ከ2018 ጀምሮ ቢፈቀድም ድንበር ማሻገሩ በየትኛውም አቅጣጫ ክልክል ነው።

ወደ ካናዳ ሲገቡ ያለ ቀረጥ የሚፈቀደው መጠጥ ለአንድ ሰው 1.5 ሊትር ወይን፣ ወይም 1.14 ሊትር ጠንካራ መጠጥ፣ ወይም 8.5 ሊትር ቢራ ነው፤ ዕድሜው በኩቤክ 18፣ በኦንታሪዮና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ 19። ጠጅ እንደ ወይን ይቆጥሩት።

ከሁሉም በላይ፦ የያዙትን ምግብ ይናገሩ። ተናግረው ያልተፈቀደውን ይወስዱታል፣ በዚያው ያበቃል። ደብቀው ከተገኘ ግን ቅጣቱ አለ፣ ስምዎም ይመዘገባል።

የሠርግ ስጦታና የዕቁብ ገንዘብ በጥሬው ይዣለሁ።

10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ በካናዳ በካናዳ ዶላር፣ በአሜሪካ ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር ሲበልጥ። ቼክም ይቆጠራል። መያዙ ወንጀል አይደለም፣ ግብርም አይከፈልበትም፤ አለመናገሩ ነው የሚያስወርሰው። ለባልና ለሚስት አካፍሎ መያዝም መፍትሔ አይደለም፤ በአሜሪካ በኩል አብረው የሚሄዱ ቤተሰቦች ገንዘብ ይደመራል።

ልጆቼን ያለ አባታቸው ይዤ ብሄድ?

የቀረው ወላጅ የፈረመበት የፈቃድ ደብዳቤ፣ ስልኩና የመታወቂያው ቅጂ ይኑርዎት፤ የልደት ወረቀትም ይጨምሩ። የእኛ ልጆች የቤተሰብ ስማቸው የአባታቸው ስም ስለሚሆን ከእናት ጋር አይገጥምም፣ ለዚህም ነው ጥያቄው የሚበዛው። አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በየብስ ሲመለስ የልደት ወረቀቱ ይበቃዋል።

ከዓመታት በፊት ጠጥቼ በመንዳት ተከስሼ ነበር።

ካናዳ ይህን በጣም ከባድ አድርጋ ነው የምታየው። ከዲሴምበር 18፣ 2018 ወዲህ ከፍተኛው ቅጣት ወደ 10 ዓመት እስራት ስላደገ ከባድ ወንጀል ሆኖ ይመዘገባል፤ አሜሪካ ውስጥ እንደ ቀላል ጥፋት ቢታይም፣ ግሪን ካርድ ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት ቢኖርዎትም። ኬላው ላይ ከመመለስ አስቀድመው ጊዜያዊ ፈቃድ ይጠይቁ።

ባቡሩ ይዘገያል? ቢሰረዝስ?

ይዘገያል። መስመሮቹ የጭነት ባቡር ኩባንያዎች ናቸው። በሲያትልና በኤቨረት መካከል በዝናብ ወራት ጭቃ ከተናደ የመንገደኛ ባቡር ለ48 ሰዓት ይታገድና አውቶቡስ ይተካል። ያን ጊዜ የሚያልፉት በመኪና ኬላ ነው፤ የወረቀቱ ሕግ አይቀየርም፣ ሻንጣ ይዞ መውረዱም አይቀርም። በአዲሮንዳክ ደግሞ ሙቀት ነው ጠላቱ፦ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ በኩቤክ በኩል ፍጥነቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በ2023 እና በ2024 የበጋ ወራት ወደ ሞንትሪያል የሚሄደው ክፍል እስከ መቋረጥ ደርሷል። ቶሮንቶ በገቡበት ማታ ሌላ አውሮፕላን ወይም አውቶቡስ አይያዙ።

ቢከለክሉኝ ምን ይሆናል?

ባቡሩ ለአንድ ሰው ብሎ አይቆምም። ወደመጡበት ይመለሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የራስዎ ነው። ስለዚህ የተሞላ ስልክ፣ የባንክ ካርድና ጃኬት ከላይ ባለው ቦርሳ ይሁኑ። የሚሰጥዎትን ወረቀት ሳያነቡ አይፈርሙ፤ በፈቃድ መመለስና የመባረር ትእዛዝ ለወደፊቱ እኩል አይደሉም።

ካናዳ ስገባ ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም አልመቱልኝም።

በየብስ የተለመደ ነው። ኦፊሰሩ ሌላ ቀን ካልጻፈልዎት ጎብኚ ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ 6 ወር መቆየት ይችላል። የገቡበትን ቀን የሚያሳየውን ቲኬት ግን እስኪመለሱ አይጣሉት።